በሊትልተን ድምፄን አሳምሬ ያነበብኩት መጽሐፍ

ሚስስ ሩት ጋ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሊትልተን ከተማ በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ፣ ጓንትና የደም ግፊት መለኪያ ይዤ ገባሁ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ግፊታቸውን ለክቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ እንደጨረስኩ «ማንበብ ትችላለህ?» አሉኝ።

«እንዴታ!» አልኩ።

የኬር ጊቨር ሥራ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላትና ሪፖርት መሙላት ነው። ማንበብ በዝርዝሩ የለም። እሳቸው ግን አንድ ያረጀ መጽሐፍ ሰጡኝ። የድሮ ሴቶች፣ ሴት በማኅበረሰቡ ውስጥ ቦታዋ የት ነው ብለው የጻፉት ነው።

እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። የኔታ ግዕዙን ሲያስነብቡን ድምፅ ካማረና ቃል ካልተገደፈ፣ በቃ፣ ጎበዝ ነህ። ትርጉም የጠየቀ ኩርኩም ይቀምሳል። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ያዝኩት። አምስት ወር ሙሉ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አነበብኩ። ምን እንደሚል ግን እግዜር ይወቀው።

ሪፖርቱ ላይ «አንብቤላቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸዋል» ብዬ ሞልቼ ኦሮራ ከተማ ወዳለው ቤቴ እነዳለሁ። የማታ ሺፍት በሌለኝ ቀን ባለቤቴ ፅጌ ራት እስክታቀርብ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ፅጌ የነርስነት ትምህርቷን ያቋረጠችው እኔ የኬር ጊቨር ኮርስ ስወስድ ልጆቹን የሚይዝ ስለጠፋ ነው። በየዓመቱ ልመለስ ስትለኝ «ከርሞ» እላታለሁ። ሦስት ጊዜ ብያታለሁ። በዚያ ዓመት ግን ጭራሽ አላነሳችውም። ተወችው ብዬ ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ማክሰኞ ሚስስ ሩት እጃቸውን አነሱ። «ቆይ። አሁን ያነበብከው ምን ይላል?»

«በጣም ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩነቱን አልጠየቅኩህም።»

ሊያባርሩኝ ነው ስል «ከእንግዲህ በቀን አንድ ገጽ። ከዚያ በራስህ ምሳሌ ታስረዳኛለህ» አሉ።

የከበደኝን ቃል ሁሉ በስልኬ እየፈለግኩ ለዚያች ገጽ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ገጿ የምትለው፣ ሌላው እንዲማር ሴቷ ትቀመጣለች፤ ኋላ አልተማረችም ተብላ ትናቃለች ነው። ምሳሌ ሲሉኝ ከአፌ አመለጠኝ። «ለምሳሌ ሚስቴ...» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ተራዋ መቼ ነው?» አሉ።

«እግዚአብሔር ሲፈቅድ።»

«የከለከላት እሱ ነው?»

ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከር መጥረግ ጀመርኩ። ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬ ጋ ደውዬ የማታ ሺፍቴን እንዲያነሳልኝ ጠየቅኩት።

«ታመሃል?» አለኝ።

«አይ፣ ልጆቼን ራት ላበላ ነው።»

«ሚስትህ ታማለች?»

«ደህና ናት።»

«ለማንኛውም ሰው ታሞበት ነው ብዬ ልጻፈው» አለ።

ቤት ገባሁ። ፅጌ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ፅጌዬ፣ ትምህርትሽን ጀምሪ፤ ፈቅጄልሻለሁ» አልኳት።

ቢላውን አስቀመጠች። «ከተመዘገብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሰኞ ይጀምራል። እንዴት እንደምነግርህ ጨንቆኝ ነው፤ ፈርቼህ።»

አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር እጄን አንስቼባት አላውቅም። ታዲያ ምኔን ፈራች? «ከርሞ» ማለቴን ነው የፈራችው። ቢላውን አንስቼ የቀረውን ሽንኩርት ከተፍኩ። አየት አድርጋ «ይሄ ለወጥ ነው ለዶሮ መኖ?» አለች።

ፅጌ ዛሬ ነርስ ናት። ሚስስ ሩት አርፈዋል። መጽሐፉን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የተዉላት። ገለጥ ገለጥ አደረገችውና «ይሄንንማ አውቀዋለሁ፤ አንተ ያዘው» ብላ ሰጠችኝ።

ለአዲስ ኬር ጊቨሮች የምለው ይህን ነው፦ ለደንበኛ ስታነቡ በቀን አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚል ሳታውቁ ወደሚቀጥለው አትለፉ። እኔ ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ።