ልነሳ ነው

አናጺውን ሰፈሩ ሁሉ «ውሃልክ» ይለዋል። ያለ ውሃልክ ሚስማር አይመታም፤ ለጥየቃ ሰው ቤት ሄዶ እንኳ ጠረጴዛው ዘመም ካለ ዓይኑ እዚያው ተተክሎ ይቀራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ግን ከአንድ ስህተት ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ገና ለማጅ ሳለ፣ ለጸሎት ቤታቸው ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠራና እግሮቹን ከሚገባው በላይ ወደ መሃል አስጠግቶ መታቸው። በአንዱ ጫፍ የተቀመጠው ድንገት ብድግ ካለ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ከነመጽሐፍ ቅዱሱ መሬት ነው።

በመጀመሪያው ወር አራት ሰው ወደቀ። ከዚያ ሰዉ ዘዴ አበጀ፤ የሚነሳው «ልነሳ ነው» ይላል፣ የሚቀረው ወደ መሃል ጠጋ ይላል። አናጺው ላስተካክለው ባለ ቁጥር «ተወው፣ ለምደነዋል» ይሉታል። መጋቢው ስለ ኅብረት ስንት እሑድ እንደሰበከ እንጃ፤ እውነቱን ለመናገር ግን፣ እዚያ ቤት ጎረቤቱን ሳያይ የሚነሳ ሰው የጠፋው በስብከቱ ሳይሆን በወንበሩ ነው።

የወንበሩ ሁለት ጫፎች ቋሚ ባለቤቶች አናጺውና ጓደኛው ቧንቧ ሠራተኛው ናቸው። ቧንቧ ሠራተኛው ካልቀለደ አይሆንለትም። ባለፈው እሑድ እንግዶች በመጡበት፣ ወንበሩን መታ መታ እያደረገ፣ «ይቺ የውሃልክ የእጅ ሥራ ናት፤ ጸልያችሁ ተቀመጡ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አናጺው አልሳቀም። በጣም ነበር የከፋው።

«ከእንግዲህ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም፤ ሌላ ጸሎት ቤት አላጣም» አላት ለባለቤቱ።

«ሂድ እንግዲህ፤ እኔ ቦታዬን አልለቅም» አለችው፣ ከምታጥፈው ልብስ ቀና ሳትል።

ቅዳሜ ከሰዓት መጋዙንና መዶሻውን ይዞ ሄደ። ጠማማ ሥራ ትቶ መሄድ አልሆነለትም፤ እግሮቹን አስተካክሎ ሊሰናበት ነው። ሲገባ ቧንቧ ሠራተኛው ብቻውን ወንበሩ መሃል ላይ ተቀምጧል።

«ተነስ፣ ልሠራው ነው።»

«አልነሳም። ባለቤትህ ነግራኛለች።»

አናጺው በንዴት በራሱ ጫፍ ዘፍ አለ። ያኛው ቀስ ብሎ ወደ ጫፉ ተንፏቀቀ።

«በእንግዳ ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። «አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግን እሄዳለሁ» አለ አናጺው። «ልነሳ ነው።»

ያኛው ንቅንቅ አላለም።

«ጠጋ በል እንጂ።»

«አልጠጋም።»

«ትወድቃለህ።»

«እወድቃለኋ። ወገቤን ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ዐምና ያ ወገብ አልጋ ላይ ሲጥለው፣ ሦስት ሳምንት እየደገፈ ያስነሳው እሱ ነው። ሰውዬውንም ያውቀዋል፤ እወድቃለሁ ካለ ይወድቃታል። አናጺው መጋዙን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ እንደገና መጋዙን አየ። ሳቁ ሳይፈልግ መጣበት።

«አንተ ሰውዬ፣ በገዛ ስህተቴ አሰርከኝ» አለ።

«ታዲያ በምን ልሰርህ?»

አናጺው መጋዙን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረገው።

«ነገ እስክመጣ ይህን ጫፍ ሰው እንዳይዝብኝ» አለ። «አሁን ልነሳ ነው።»

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ መሃል ጠጋ አለ።