በመርፌ የበሳነው መድኃኒት

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ስለዚህች ግራ እጄ ሳልመሰክር ብቀመጥ ዝምታዬ ይከሰኛል። ስሙኝ እስቲ።

ጌታን ሳላውቅ የማምነው ክንዴን ነበር። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ሳበጥር የሚስተካከለኝ አልነበረም። "ጸልዪ" ሲሉኝ፣ "ሥራ የፈታ ይጸልይ" እል ነበር። በኋላ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው አለፈ፣ ጨረሩም አለፈ። ዳንኩ ስል፣ ጨረሩ የነካው ደረቴ እየጠጠረ ብብቴን ጨምድዶ ያዘው። ሰፌድ ማንሳት ቀርቶ ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። አለቀስኩ፣ ወገኖቼ። ያለ ክንዴ እኔ ማን ነኝ?

ጎረቤቴ እትዬ አልጋነሽ ወደዚህ ጉባኤ ይዘውኝ መጡ። ሕዝቡ እጁን አንሥቶ ሲያመልክ የእኔ ግራ እጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሳቸው ክንዴን ከታች ደግፈው አነሱልኝ። እዚያው ቆሜ ልቤን ለጌታ ሰጠሁ። ሃሌ ሉያ!

ሱዳናዊው ሐኪሜም፣ "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ካንሰሩ የለም" አለኝ። "ቆዳሽ ሥር ጠባሳ እየተጋገረ ነው። ሳይብስ ቫይታሚን ኢ ከሌላ ክኒን ጋር እንሞክር። አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ጨረሩ የተወውን ጉዳት ይቀንስ እንደሆን እናያለን። ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ወራትም ይፈጃል። ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ።"

እትዬ አልጋነሽ የቫይታሚኑን ፍሬ አገላብጠው አዩት። ውስጡ ዘይት ነው! "ይኸው የጸሎት ዘይት!" አሉ። በመርፌ እየበሳን፣ እየጸለይን ደረቴን ስንቀባ ከረምን። አንዱንም አልዋጥኩም። ክንዴም ይባስ ጠበቀ። እግዚአብሔር ጠልቶኛል ብዬ ልቤ ተሰበረ።

ሐኪሙ ሲሰማ አልሳቀብንም። "ይሄ የሚዋጥ ነው። ጸሎቱን አትተዉ፤ ክኒኑንም ዋጪ፣ ክንድሽንም እያንቀሳቀስሽ አለማምጂው" አለ። እትዬ አልጋነሽ አፍረው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወዲህ ግን ምሳ በበላሁ ቁጥር ውሃ ይዘው ደጄ ላይ ናቸው። "አሜን በይና ዋጪ!" ቀጥለውም ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ሽቅብ እያስኬዱ ክንዴን ያለማምዱልኛል።

ጌታ ይክበር! ዛሬ ደረቴ ላላ ብሏል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ በጌታ ቤት አልዋሽም። ክኒኑ ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ ሐኪሙንም፣ ክኒኑንም፣ እኚህን እናትም የላከልኝን ግን አውቀዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ስናመልክ የእትዬ አልጋነሽ እጅ አልነሳ ሲላቸው አየሁ፤ አርጅተዋል። በዚህችው በግራ እጄ ደግፌ አነሳሁላቸው። ወገኖቼ፣ እጁ አልነሳ ያለው ካለ በጌታ ይታመን፤ እስኪችል ድረስም ይምጣና ከጎኔ ይቁም።