ጡት ማስያዣ ፍለጋ፣ ከኮተቤ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ኮተቤ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣን፣ እኔና የእህቴ ልጅ ምሥራቅ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ነጠላና ሹራብ ለብሻለሁ፤ እሷ በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በዚያ ላይ የእኔን ትልቁን ጋቢ ደርባለች። ጋቢው ለብርዱ እንዳይመስላችሁ። ምሥራቅ በሚያዝያ ሐሩርም ደረቷን ሳትሸፍን ከደጅ አትወጣም።

ከቢሮ የቀረሁት «ለቅሶ አለብኝ» ብዬ ነው። የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ታዲያ አለቃዬን «ጓድ፣ ጡት ማስያዣ ፍለጋ እንጦጦ ልወጣ ነውና ይፍቀዱልኝ» ልበለው? በስመ አብ! ለቅሶ ሲሉት ግን ማንም ማን ሞተ ብሎ አያፋጥጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሥራቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ መጥታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ናት። ጭንቅላቷ ምላጭ ነው። እግዜር ደረቱንም እንደ እናቷና እንደ እኔ ሳይሰስት ሰጣት። በስፖርት ሰዓት ስትሮጥ ወንዶቹ ዳር ቆመው እንደ ሰልፍ «ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!» እያሉ ይቆጥሩላታል። አስተማሪው አብሮ ይስቃል፣ የማያፍር!

ማክሰኞ ዕለት ስትሮጥ ራሷን ስታ ወደቀች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግፎ ቤት አመጣት። ልብሷን ላላላላት ስል ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አቡጀዲ! አምስት ክንድ አቡጀዲ ደረቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ በመርፌ ቁልፍ ተወጥሯል። ስፈታው ቆዳዋ ሰንበር በሰንበር ሆኗል። በዚያ ታስራ ነው የምትሮጠው። አለቀስኩ።

«ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም እታለም» አለችኝ። እታለም ነው የምትለኝ። «ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ተለፍቶ፣ ማትሪክ አራት ወር ሲቀረው! «ትሄጃለሽ» አልኳት። «እንዴት ሆኜ?» አለች። ዛሬ የወጣነው የዚያን መልስ ፍለጋ ነው። በዘንቢሌ የተቀቀለ ድንች፣ ቆሎ፣ ያ አቡጀዲና አንድ አሮጌ ጡት ማስያዣ ይዣለሁ።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ውይይት ታክሲ ውስጥ

ውይይት ላይ ያልተሳፈረ ይህን ሥቃይ አያውቀውም። ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ጉልበት ለጉልበት እንገጥማለን። ዐይን መሸሻ የለውም፤ ወይ ሰው ፊት ላይ ነው፣ ወይ ከፊት ዝቅ ብሎ ነው። ከምሥራቅ ትይዩ የተቀመጠው ባለ ኮፍያ ሰውዬ ዐይኑን ዝቅ አድርጎ ቀረ። እሷ ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበችው።

ሹፌሩ ዞር አለና «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ባለ ጋቢዋ፣ ሰብሰብ በይ፣ የሁለት ሰው ቦታ ይዘሻል!» አለ።

«አንተ መንገድህን እይ! እሷን ተዋት!» አልኩት። ባለ ኮፍያውንም «ወንድሜ፣ መገናኛ መድረሳችን በመስኮት ነው የሚታየው» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው እስከ መገናኛ በመስኮት አየ። ምሥራቅ ግን አልሳቀችም።

2 ሰዓት ተኩል፣ አራት ኪሎ

እንጦጦ ከመውጣታችን በፊት እስቲ ሱቅ እንይ አልኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ጡት ማስያዣውን ከመደርደሪያ አውርዶ እንደ ባንዲራ ዘርግቶ ያዘውና «ይለጠጣል! ለማንም ይሆናል!» ብሎ ጮኸ። ለሕፃን ኮፍያ ይሆን ነበር። ሹልክ ብለን ወጣን።

ሁለተኛው ሱቅ የአንድ ሽማግሌ ሐጂ ነው። የምንፈልገውን በሹክሹክታ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ጨርቆቹ አዞሩ፤ እንዳናፍር ብለው ነው።

«ልጆቼ» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ያለኝ ትንንሹ ነው። ሸጬላችሁ ኋላ ልትረግሙኝ ነው? እኔም ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ በዚህ ነገር ሲቸገሩ አይቻለሁ። ይልቅ ልብስ ሰፊ ታውቃላችሁ?»

«አንዲት አሉ፣ እንጦጦ ላይ» አልኳቸው።

እማማ አስካለን ማለቴ ነው። ፒያሳ አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ ለዓመታት የሠሩ ናቸው፤ ሰውዬው አገር ጥሎ ሲሄድ እሳቸው ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ገቡ። እውነቱን ልናገር፣ ከሁለት ወር በፊትም ሞክሬያቸው ነበር። ግን በአካል አልሄድኩም። ይሉኝታ! ቀሚስ ሲሰፋ፣ ጫማ ሲታዘዝ ልክን በክር ቋጥሮ መላክ የእኛ ሰው ልማድ አይደል? ምሥራቅን በክር ለካሁና ቋጥሬ፣ እንጨት ይዛ ከእንጦጦ ለምትወርደው ለብዙነሽ ሰጠሁ። የተሰፋው መጣ። ጠበበ፣ ትንፋሽ ከለከላት። እኔ ምን አልኩ? «ትለምጂዋለሽ።» እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐጂው «እንግዲያው ሰፊዋ ሙያውን ብታውቅም ጨርቅ ከየት ታገኛለች?» አሉና አንድ ሜትር ካኪ ቆርጠው ጠቀለሉልን። «በዚህ ዘመን ጠንካራና የማይጠፋ ይሄ ብቻ ነው።»

ስንወጣ ምሥራቅ «ካኪ!» አለች። «የአብዮት ጥበቃ ልታደርጊኝ ነው?» ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር።

4 ሰዓት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ

አቀበቱ ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ነው። ቀይ አፈር፣ የደረቀ ቅጠል፣ ነፋስ። ቁልቁል የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከራሳቸው የሚበልጥ ጭራሮ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሩጫ ነው። እኔ ያለ ሸክም ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ያለ ሸክም ማለቴ እንዲያው ነው፤ የእኔን ሸክም የማውቀው እኔ ነኝ። የማስያዣዬ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ቆፍሯል።

ብዙነሽ መንገድ ላይ አገኘችን። እንጨቷን የመንገዱ ዳር ካብ ላይ አስደግፋ፣ ድንቻችንን አብራን በላች። ትከሻዬን ሳሽ አየችኝና ሳቀች።

«በትከሻሽ ነዋ የተሸከምሽው! እኔን ተመልከቺ፤ ገመዱ ወገቤ ላይ ነው የሚጠብቀው። የትከሻው እንዳይወድቅ ብቻ ነው። በትከሻ የተሸከመች ለጋሲዮን አትደርስም።»

«እኔ እንጨት አልሸከምም፣ ብዙዬ።»

«አውቃለሁ ምን እንደምትሸከሚ» አለችና ተነሣች። ምሥራቅ ከጋቢው ውስጥ ፈገግ አለች።

5 ሰዓት ተኩል፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት

የእማማ አስካለ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ናት፤ አንዲት ክፍል፣ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ አልጋ። ግድግዳው ላይ ከሚስማር የተንጠለጠሉ ክሮች አሉ፤ ሁሉም ቋጠሮ አላቸው።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኳቸው።

«ሴቶች ናቸው» አሉ። «መምጣት ያፈሩ። ሰፍቼላቸው መልካቸውን አላየሁም።» ከመሃል አንዱን ክር መዘዙ። «ይሄ ከኮተቤ የመጣው ነው። ያንቺ ነው?»

በሩን ዘጉ፣ መጋረጃውን ጋረዱ፣ ምሥራቅን ጋቢውንና ሹራቡን አስወልቀው ክሩን ዙሪያዋን አዞሩት። አራት ጣት ጎደለ።

«ስትለኪያት ምን ለብሳ ነበር?»

«ሹራብ።»

«ሹራብማ ያሰፋል እንጂ አያሳጥርም» አሉ፣ እኔን በመነጽራቸው ላይ እያዩ።

ምሥራቅ መሬት መሬት እያየች «ያኔም አቡጀዲው ነበረ እታለም» አለች። «ሳልፈታው ነው የለካሽኝ።»

ትዝ አለኝ። ያን ቀን ስለካት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር፣ እንዳታፍር ብዬ። ያፈርኩትስ እኔ ነበርኩ። ደረቷ ታስሮ፣ እጄ ክሩን ይዞ፣ ዐይኔ የቀን መቁጠሪያ ያነባል! ሐጂው ባዕድ ናቸውና ፊታቸውን ማዞራቸው ወግ ነው፤ እኔ አክስቷ ነኝ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «እንኳን መጣን» አለች።

እማማ አስካለ ለስሜታችን ጊዜ አልሰጡም። «ሰው ትልቅ ጡት ሲያይ ሁሉን ነገር ያሰፋል» እያሉ ለኩ። «ዙሪያው ከሰፋ ከኋላ ሽቅብ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ጭነቱ ማንገቻው ላይ ይወድቃል። ዙሪያው ጎድን ላይ ልክ ይግባ፣ ጡቱ የሚያርፍበት ጎድጓዳው ይጥለቅ፣ ማንገቻው ሰፊ ይሁን። ተንፍሺ ልጄ። ደረትሽን አትሳቢው፣ ተንፍሺ!» ብዙነሽ ያለችው ነገር መሆኑ ነው።

ካኪውን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ የማይለጠጥ ጨርቅ ነው የቸገራቸው። ግን ገላ ይፈገፍጋል አሉ፤ ለስላሳ ገበር ይፈልጋል። ምሥራቅ ሳትጠየቅ ከዘንቢሉ አቡጀዲውን አወጣችና አቀበለቻቸው። ታጥቦ ታጥቦ እንደ ሐር ለስልሷል። መቀሳቸውን ሲያስገቡበት ትክ ብላ አየች።

«መንጠቆስ?» አልኩ።

«እሱ ነው ችግሩ። ከገበያ ጠፍቷል።»

እኔ ዘንድ አለ። ለናሙና ይሆናል ብዬ ያመጣሁት ማስያዣ ከአስመራ ነው፤ ዳንቴል ያለው፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ ባለቤቴ ያመጣልኝ። አንድ ቀን አልሆነኝም። ግን እንዲህ ዓይነት ነገር በእኔ ልክ ባይሠራም የእኔ ነው እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሰጠኋቸው። መንጠቆዎቹን አንድ ባንድ ፈቱ።

መኪናው ለሦስት ሰዓት ያህል ተንጣጣ። በመጨረሻ ምሥራቅ ለበሰችው፤ ላዩ ካኪ፣ ገበሩ አቡጀዲ፣ መንጠቆው አስመራ። ላዩ ላይ ቀሚሷን ብቻ አደረገች።

«ዝለይ» አሏት እማማ አስካለ።

«እዚህ?»

«ዝለይ አልኩሽ!»

አንድ ጊዜ ዘለለች፣ በፍርሃት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ሁለተኛ ዘለለች፣ እጇን ለቅቃ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ የቤቱ ጣሪያ ዝቅተኛ ባይሆን አታቆምም ነበር። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አያመኝም» ትላለች ደጋግማ። «አያመኝም እኮ!»

እማማ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔን ይተዉኝ እማማ፣ ጊዜዬ አልፏል።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«እኔ ስልሳ ሰባት ነኝ፤ ጊዜዬ አላለፈም። ነይ ቁሚ!» ካኪው አልቋል። ልኬን በክር ወስደው፣ ቋጥረው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ይሄ እውነተኛው ነው። ጨርቁን ይዘሽ በእግርሽ ነዪ። ክር አልቀበልም።»

10 ሰዓት፣ ቁልቁለቱ

ምሥራቅ ጋቢውን ለእኔ አሸክማ ቁልቁል ሮጠች። በባሕር ዛፎቹ መሃል ቀሚሷ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። «ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶ! እኔ ሩጫ የተውኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። ማንም ለምን ተውሽ አላለኝም፤ ሴት ልጅ ስታድግ መሮጥ ትተዋለች ተብሎ ታለፈ።

ታክሲ ውስጥ ጋቢውን እንደገና ደረበችው። ሰኞ ትሄድ ይሆን? አልጠየቅኳትም፤ ፈራሁ።

ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ኮተቤ

ጠዋት ሳልነቃ ወጥታ ሄዳለች። ጋቢው አልጋዋ ላይ ታጥፎ አገኘሁት። ቢሮ «ለቅሶው እንዴት ሆነ?» አሉኝ፤ «ተቀበረ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ፊደል ስገድፍ ዋልኩ።

ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታራግፋለች። አፈር በአፈር ናት፣ ላቧ ገና አልደረቀም።

«ሮጥሽ?»

«ሮጥኩ። ሦስት ዙር።»

«እነዚያ አልቆጠሩም?»

«ቆጠሩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሰለቻቸው።»

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«መጨረሻ» አለችና ሳቀች። «ሁሉም ከገቡ በኋላ ነው የደረስኩት። ግን ጨረስኩት እታለም! ሦስቱንም ዙር ጨረስኩት!»

እዚያው በራፉ ላይ፣ ዘንቢሌን ሳላወርድ፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቶች «ማን ተዳረ? ማን ወለደ?» እያሉ ብቅ ብቅ አሉ።