የቀይ ሥር ቀለም

የፕሮጀክተሩን ሪሞትማ ትራሱ ስር አድርጎ ነው የሚተኛው፤ ሚስቱ ራሷ ናት አፍ አውጥታ የተናገረችው። "ሲቆረቁረኝ ያድራል፣ ባነሳበት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም" ብላለች። ምን ታድርግ። የስብሰባ አዳራሹን ባለ ፕሮጀክተር ቁጭበል የሚሉት እኮ እናቱ አውጥታለት አይደለም፤ ያየው ሰው ሁሉ "ኧረ ቁጭ በል" ስለሚለው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጋ እንኳ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተነስቶ የመስታወቱን አምፖል ሲያቃና ታይቷል።

ያን ሰሞን ግን ለመቁነጥነጡ ምክንያት ነበረው። ታላቅ እህቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው፣ "ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ሱቁን ዘግቼ ልጄ ጋ እገባለሁ" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ልጇ ያለችው ደግሞ በአውቶብስ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሥራው የአንድ ትልቅ ሆቴል የሠራተኞች ቀሚስ ነው፤ አርባ ቀሚስ። የሆቴሉ ሰዎች የልብስ ሰፊዎቹን ቀሚሶች ፎቶ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ያያሉ። በፎቶ የወደቀ ቀሚስ በእጅም አይነካም።

ጉዱ የአምናው ነው። እህትየው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ልክ የቀይ ሥር ቀለም ያለው ቀሚስ ሰፍታ ለዚህ ዓይነት ምርጫ አቅርባ ነበር። ቁጭበል ሆዬ ሁሉን አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ እጁ አላርፍ ብሎት በመጨረሻዋ ደቂቃ ትንሽ ድምቀት ጨመረ። ትንሽ ያለው እሱ ነው። ቀይ ሥሩ ቲማቲም ሆኖ ወጣ። ከፊት ወንበር አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተሉት። እህትየው ቦርሳዋን አንስታ ውልቅ አለች፤ ወር ሙሉ አላናገረችውም።

ዘንድሮ በዚያው ቀለም የሰፋችውን ቀሚስ ራሱን ጠቅልላ በጠዋት አመጣችለት።

"እንካ። ፎቶውን ከዚህ ጋር አስተያየው።"

"እትዬ፣ አንቺ ሂጂ አረፍ በይ። እኔ አለሁልሽ።"

"አንተ ስላለህ አይደል የፈራሁት" አለችው። "አንዴ ከተስተካከለ ሪሞቱን ለጥበቃው ስጠው።"

"ለጥበቃው?"

"እሱ ቢያንስ ይተኛል።"

ሄደች። ሰዎቹ የሚመጡት አራት ሰዓት ላይ ነው። ቁጭበል መጋረጃዎቹን ዘጋ፣ ከፈተ፣ አንዱን ገርበብ አድርጎ ተወው። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ሲያወጣው ጥላው አመድ የተነፋበት ይመስላል። ብርሃን ቀነሰ፤ የቀሚሱን እጥፋት ሁሉ ጨለማ ዋጠው። ጨመረ፤ ያ ቲማቲም መጣ። ኬብሉን ነቀለ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ ሰካ። ከመድረኩ ወደ ፕሮጀክተሩ፣ ከፕሮጀክተሩ ወደ መድረኩ ሲመላለስ ጥበቃው በበሩ ብቅ አለ።

"አንተ ሰው፣ ወለሉን ልትጨርሰው ነው እንዴ?"

"ተወኝ እባክህ፣ ጥቁሩ እምቢ ብሎኛል።"

በኋላ ነው የበራለት። ኮምፒውተሩና ፕሮጀክተሩ በጥቁር ልክ አልተስማሙም። ያኛው "ይሄ የመጨረሻው ጥቁር ነው" ብሎ ይልካል፤ ይሄኛው "የለም፣ ከዚህ የባሰ ጥቁር አለ" ብሎ ግራጫ ያደርገዋል። ባልና ሚስት በሉት። ቁጭበል የፕሮጀክተሩን ሜኑ ከፍቶ የመቀበያውን ልክ ከኮምፒውተሩ ጋር አስማማው። ጥላው ጥቁር ሆነ፣ እጥፋቱም ተመለሰ።

ቀዩ ቀረ። ቀሚሱን ወንበር ላይ ዘረጋው፤ ከወንበሩ ስክሪኑ ጋ እስኪደርስ ዓይኑ ቀለሙን ይረሳዋል። በእጁ ያዘው፤ ጨርቁ እየተንሸራተተ ሪሞቱን መጫን አቃተው። እንግዲያው ብሎ መድረኩ ላይ ወጥቶ አንድ እጁን እጅጌው ውስጥ ከትቶ ስክሪኑ አጠገብ ዘረጋ። ይሄ ጥሩ ነበር፤ ግን የተቀረው ቀሚስ ወለል ይጠርጋል። የእህቱን ቀሚስ አቧራ ሊያስቅመው? ሁለተኛ እጁንም አስገባ። ቀሚሱ የተሰፋው ለቀጭን ሴት ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ከቁመት በቀር ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ ሱሪው ላይ ሸርተት ብሎ ወረደለት። የጀርባውን ዚፕ እንዴት ብሎ እንደዘጋው አይጠየቅም።

ድምቀቱን ሁለት ቀነሰ። ክንዱን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ቀዩን አንድ ቀነሰ፤ ቡናማ ቢጤ ሆነ። መለሰው። ሰማያዊውን ነካ አደረገ። ክንዱ የት አልቆ ፎቶው የት እንደሚጀምር ጠፋው።

አውራ ጣቱን ግን በላው። አንዲት ነጥብ ብቻ፣ አንዲት ብትጨመር። ቁልፉ ላይ አስቀመጠ፣ አነሳ፣ ደግሞ አስቀመጠ። በመጨረሻ የራሱን እጅ እንደ ሌባ እጅ ፈራውና የሪሞቱን ባትሪዎች መንግሎ ቀሚሱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰፋ ያለች ባለ መነጽር ሴት፣ አምስት ሰዎች አስከትላ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድማ። እህትየው ከኋላ ናት። ሴትየዋ ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ስክሪኑን አየች።

"ቀለሙ ያው ራሱ ነው" አለች። "እስቲ ዙርልኝ።"

ዞረ።

"ስትጎነበስስ አይጠብህም?"

ጎንበስ አለ። "ኧረ ምንም አይል።"

እህትየው ፊቷን በቦርሳዋ ከልላ ትንቀጠቀጣለች፤ ትሳቅ ታልቅስ የለየ ሰው የለም። አርባውንም ቀሚስ የዚያኑ ቀን ለእሷ ሰጧት፤ ሱቋም ይኸው እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ሰዉ የሚያወራው ግን ይህን አይደለም። ሥራ አስኪያጇ "በቃ፣ አመሰግናለሁ፣ ውረድ" ስትለው፣ ያ ቁመተ ረጅም ሰውዬ የመድረኩን ደረጃ የወረደው የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቱ ሰብሰብ አድርጎ ይዞ ነው።