ከናፍጣው ጋር የደባለቅሁት ነጭ ጋዝ

የንስሐ አባቴ አርፈው ሌላ ይዣለሁ፤ ለሟቹም ላሉትም ይህን አልተናገርኩም። ሚስቴም አታውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

በደርግ ጊዜ መተማ ቆላ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ የነዳጅ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ወጣት ነበርኩ፤ ጎንደር ሠልጥኜ የመጣሁ። በርሜል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ናፍጣ ውስጥ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚደረግ የተማርኩት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ክረምት ሲገባ በርሜሎቹን ክዳናቸውን ሳላጠብቅ ሜዳ ላይ ተውኳቸው፤ ዝናብ ገባባቸው።

እስከዚህ ድረስ ስንፍና ነው። ክፋቱ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ያኔ የመንግሥት ንብረት ሲበላሽ «አሻጥር» ይባላል፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከላይ የሰፈፈውን ናፍጣ ቀድቼ፣ ከታች የቀረውን ከነውሃው ደፋሁ፤ የጎደለውን ለፋኖስ በመጣ ነጭ ጋዝ ሞላሁ። የጎንደርን መንገድ ጭቃ ስለያዘው ሌላ ናፍጣ አይመጣም ነበር።

ነጭ ጋዝ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር? የዲዝል ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ቅባት መሆኑን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ትንሽ የሞተር ዘይት ብጨምርበት ጉዳቱ እንደሚቀንስም አስቤ ነበር። ዘይት ልጠይቅ ብል «ለምን?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ተውኩት።

ትራክተሩን የሚነዱት ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ከወሎ የመጡ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው። በማግስቱ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ሞተሩ ጉልበት አጥሮታል፤ ያንኳኳል። ናፍጣው ይሆን እንዴ?»

«ኧረ ናፍጣውስ ደህና ነው፣ ጋሽ ይመር» አልኳቸው። ጋዝ ይሸታል ብዬ እጄን ከኋላዬ ይዤ ነበር።

አምነውኝ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ በዘር መሐል ፓምፑ ነክሶ አልዞር አለና ትራክተሩ ማሳው ላይ ቀረ። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜው ካለፈ አለፈ ነው። ከገንዳ ውሃ ከተማ አንድ ካድሬ መጣና ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ተራዬ ደርሶ ፊቱ ቆምኩ።

«መጥፎ ናፍጣ ሞተር ይገድላል?» አለኝ።

«ዲዝል ሞተር ጠንካራ ነው፤ የሰጡትን ያቃጥላል» አልኩ። «የሚገድለው የነጂው አያያዝ ነው።»

ይህን አልኩ። ጋሽ ይመር ፊት ለፊቴ ቆመው ሳለ ይህን እኔ አልኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«እንግዲህ እሱ የተማረ ነው፤ ያውቃል» አሉ። «እጄ ይሆናል ያጠፋው።»

ካድሬው የሚፈልገው ይህንኑ ቃል ነበር። ከሰዓት በኋላ በመኪና ወሰዷቸው።

ከዚያ ወዲያ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወጥቼ ማን እንደመጣ አይ ነበር። እስር ቤት ቁጭ ብለው ሲያስቡ ቢደርሱበትስ? ሽታው ትዝ ቢላቸውስ? ባለቤታቸው እትዬ ፋጤ ግምጃ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ «አንተ ታውቃቸዋለህ፤ እሳቸው ሞተር የሚያበላሹ ሰው ናቸው?» ሲሉኝ፣ የፈራሁት ሴትየዋ አውቀው እንዳይሆን ነበር። «እግዜር ያውቃል» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሰሊጡ ሲታጨድ መርዷቸው መጣ። እስር ቤት ታመው ሞቱ ተባለ። ለቅሶው ላይ ከዘመድ በላይ አለቀስኩ፤ እትዬ ፋጤ እኔን ያጽናኑኝ ጀመር። ማታ ቤቴ ገብቼ ራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከዚያም እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ የሚያውቅብኝ ሰው የለማ።

የፈራ ሰው ምን ያደርግ ትሉኝ ይሆናል። ስደባልቅ ፈርቼ ነበር፤ ስዋሽም ፈርቼ ነበር። ሞታቸውን ስሰማ ግን አልፈራሁም፤ እፎይ አልኩ። ለዚያ የማመካኝበት የለኝም።