አረንጓዴው ክር የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸችና መነጽሬን ፈልጌ ሳያት፣ ጎንደር ላይ ሁልጊዜ አስቤዛ ከምገዛበት ሱፐርማርኬት የመጣ መልእክት ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ ስኳር የሌላቸው ብስኩቶች ገብተውልናል። ለእርስዎ ልዩ ቅናሽ አድርገናል» ይላል። ወይ ጉድ! ስኳር እንዳለብኝ እኮ ለገዛ ልጆቼ እንኳ ገና አልነገርኩም። እነዚህ ደግሞ ማን ሹክ አላቸው?

በማግስቱ ሄጄ ገንዘብ ተቀባይዋን ያዝኳት። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልተቆጣችም። «እማማ፣ ማንም አልነገረንም» አለችኝ። «ሲገዙ ስልክ ቁጥርዎን ይሰጡን የለ? ኮምፒውተሩ የሚገዙትን ያይና እንደ እርስዎ ከሚገዙ ደንበኞች ጋር ይመድብዎታል። ለእናንተ የሚሆን ዕቃ ሲመጣ ይነግራችኋል። ነጥብ ሲሞላልዎት ደግሞ ስጦታ አለው።»

«ለመሆኑ ከማን ጋር መደበኝ?»

«ከስኳር ታማሚዎች ጋር ነዋ!» ብላ ሳቀች። ያጠፋችው ነገር የለም፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ሸሕዲ መጣችብኝ። ያቺ የቆርቆሮ ሱቄ፣ በግድግዳዋ ላይ የተንጠለጠሉት ክሮች፣ በስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ የዋለው ካድሬ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ገና ልጅ እግር ነኝ፤ ባሌ ታደሰ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሸሕዲ ከተማ ሱቅ ነበረው፣ እዚያ ወሰደኝ። ሱቋ ጣራዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ ስለነበር በሚያዝያ ውስጧ የተቀመጠ ሰው ይጋገራል። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይገባል፤ ስኳሩንም ፊታችንንም እያራገፍን ነው የምንውለው። ግን ከደጃችን አጠገብ ያለች ሴት የምትሠራው ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ፣ እሱ ሁሉን ያስረሳ ነበር። ታደሰ ዕቃ ሊያመጣ ጎንደር ሲመላለስ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና ንግዱን ከእሱ ይልቅ እኔ ነበርኩ የማውቅበት።

የሸሕዲ ገበያተኛ አንድ ዓይነት አይደለም። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች አሉ። እዚያው ቤት ሠርተው ማሽላና ሰሊጥ የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ። ደመወዝ ጠባቂዎቹ መምህራንና የመንግሥት ሰዎች አሉ። ከሱዳን ወዲህ ወዲያ የሚሉ ነጋዴዎችም አሉ። ለሁሉም አንድ ዕቃ ደርድረህ ብትጠብቅ ዕቃው ሸረሪት ያደራበታል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጣሁ። ከሸማኔ ቤት የጥለት ቁርጥራጭ ክር ሰበሰብኩና ለሳሉግ ቀይ፣ ለገበሬ አረንጓዴ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ነጭ፣ ለሱዳን መንገደኛ ሰማያዊ አደረግሁ። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ክር በራሱ ሚስማር ላይ ተንጠለጠለለት። መጥቶ ሲገዛ ክሩን ራሱ ይስባል፣ እኔ እቋጥርለታለሁ። በቋጠሮው ውስጥ ደግሞ የገዛውን ነገር ምልክት አስገባለሁ። ክብሪትና ሲጋራ ከሆነ የክብሪት እንጨት፣ ማጭድ ከሆነ ሰንበሌጥ፣ የባትሪ ድንጋይ ከሆነ ከካርቶኑ ላይ የተቀደደ ቀይ ወረቀት። ክሩ በቋጠሮ ሲሞላ ምርቃቱ አንድ ሳሙና ነው።

ለሳሙናዋ ብለው ሌላውን ሱቅ ሁሉ እያለፉ እኔ ዘንድ ይመጡ ጀመር! እኔም ማታ ማታ ክሮቹን እያየሁ ለታደሰ «አሁን ሳሉጎቹ ሊመለሱ ነው፣ ለሚስቶቻቸው የሚወስዱት ሻሽ አምጣ» እለዋለሁ። ዕቃው ሲገባም በአውቶቡስ ረዳቶች አፍ «ለጎጃሞቹ ንገሩልኝ፣ ሻሹ መጥቷል» ብዬ እልካለሁ። ለመምህራኑ ደግሞ ደመወዝ ሲደርስ ምላጭና ሲጋራ። ማን ምን እንደሚፈልግ ከእናቱ በላይ አውቅ ነበር፣ ይህም ያኮራኝ ነበር።

ከአረንጓዴዎቹ ክሮች አንዱ የአያ አለበል ነው። ከወደ አብርሃ ጅራ በኩል የሚመጡ፣ ንግግራቸው ጥርት ያለ የአርማጭሆ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። በየገበያው ቀን ይመጣሉ፣ ዱላቸውን ደጃፍ ያስደግፋሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሳሙናዬ ደረሰች?» ይላሉ። በክራቸው ላይ ግን ቀይ ወረቀት በዝቶ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ልጃቸው ጫካ መግባቱን አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራም። ጫካ ያለ ሰው ሬዲዮና ባትሪ እንደሚያስፈልገው ደግሞ ለማንም ማስረዳት አያሻም። በዚያ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ አቀበለ የተባለ ሰው ተይዞ ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አላየንም።

ካድሬው ከመሀል አገር የመጣ ነው። ደንበኛዬ ነበር፣ ነጭ ክር ነበረው፣ ለሳሙናውም አንድ ቋጠሮ ቀርቶት ነበር። ታደሰ ጎንደር በሄደበት ሳምንት፣ የገበያው ዋዜማ ላይ፣ ሲጋራ ሊገዛ መጥቶ ክሮቹን ትክ ብሎ ያይ ጀመር። ጣቱን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፈ ቆየና የአያ አለበል አረንጓዴ ክር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ቀይ ወረቀት ምንድን ናት?» አለኝ።

እሱ ራሱ በዘመቻ ሰሞን የገዛው የባትሪ ድንጋይ ወረቀት በነጭ ክሩ ላይ ነበር። ምን ብዬ ልዋሽ? «የባትሪ ድንጋይ» አልኩት።

«ይህን ሁሉ ድንጋይ የሚበላ ማነው? ስሙን ንገሪኝ።»

«ስም አልጽፍም፣ ጓድ። ሰው ክሩን ራሱ ነው የሚያውቅ።»

ይሄን ማለቴ የብልጠት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፈገግ አለ። «ደግ። ነገ ገበያ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ይህን ክር የሚስበውን ሰው በዓይኔ አያለሁ።» አንድ የአብዮት ጥበቃ ደጄ ላይ አቆመና ከሱቅ እንዳልወጣ አስጠንቅቆኝ ሄደ። እንኳን ለአያ አለበል መላክ፣ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ጠብመንጃ ይዞ ይከተለኛል።

በነጋታው በማለዳ መጣ። የስኳር ጆንያውን ከክሮቹ አጠገብ አስጎተተና ተቀመጠበት። የአጨዳ ሰሞን ስለነበር መንገዱ በሳሉግ ተሞልቷል፣ ሱቋም እንደዚያው። ይርሳው የሚባል የጎጃም ሰው ከጓደኞቹ ጋር ማጭድ ሊመርጥ ገብቷል። ጠላ ቤት ያላት እትዬ ብርቄም ስኳር ፈልጋ፣ አንድ መምህርም ምላጭ ፈልጎ ቆመዋል። ሁሉም ካድሬውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ደጃፍ ላይ ጥላ ባጠላ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። አምላኬ፣ ዛሬን አስቀርልኝ፣ ዛሬን ብቻ እንዲያማቸው አድርግልኝ እያልኩ ነበር። አዎ፣ ለሽማግሌ ሰው ሕመም ተመኘሁ።

አልታመሙም። ደጃፍ ላይ የዱላቸው ኳኳታ ተሰማ። ገቡ፣ ፊታቸው በላብ ወዝቶ፣ ጥርሳቸው ፍልቅ ብሎ። ከፀሐይ ገብተው ዓይናቸው ጥላውን ገና ስላልለመደ ጆንያው ላይ የተቀመጠውን አላዩም። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ሚስማሩ ሄደ።

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ። «እጅህን ሰብስብ! ሳሉግ ሁሉ ዕቃ መነካካት! ወረፋህን ጠብቅ!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረች። እዚያ ያለው አገሬው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን አያ ሳልል ተናግሬ አላውቅም። አዩኝ። ቀጥሎ ጆንያው ላይ ያለውን አዩ። እኔ አንድ ማጭድ መዘዝኩና ከአዲስ ቀይ ክር ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ።

«ለአጨዳ ነው የመጣኸው?»

ማጭዱን አነሡ።

«ለአጨዳ ነው የመጣሁት» አሉ።

ካድሬው ተነሣ። «ምን ሊነካ ነበር ይሄ ሰው? ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከጎጃም።»

«ጎጃም የት?»

አያ አለበል ጎጃምን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ላብ በጆሮ ግንዳቸው ሲወርድ አየሁት። ያኔ ይርሳው፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቀው ይርሳው፣ ማጭዱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ትከሻቸውን ያዝ አደረገ።

«ከእኛ ጋር ነው የወረደ፣ ጓድ። መንገድ ላይ ወባ ጥሎት ቀርቶብን ነበር። አንተ፣ ዳንክ ወይ? እኛማ ሞተሃል ብለን አልቅሰን ጨርሰናል!»

ጓደኞቹ ሳቁ። መሀል አገሬው ካድሬ የአርማጭሆን አነጋገር ከጎጃም አይለይም፣ የአገሬው ሰው ግን ይለያል። መምህሩም ለየ፣ ደጃፍ ላይ ያለው ጥበቃም ለየ፤ የዚያው አገር ልጅ ነው። ጠብመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረና ወደ መንገዱ ዞረ። እግዚአብሔር ይስጠው።

«ሽማግሌ ደግሞ ምን ሊያጭድ?» አለና ካድሬው ተመልሶ ተቀመጠ። ቀዩን ክር አነሣሁ። ሰንበሌጧን አስገብቼ ቋጠርኩ። አያ አለበል ማጭዱንና ክሩን ይዘው ከጎጃሞቹ መሀል ገብተው ወጡ። ዱላቸው ደጃፍ ላይ ቀረች፤ ሳሉግ እንደዚያ ያለ የሽማግሌ ዱላ አይይዝማ።

እፎይ ማለት ግን አልነበረም። ገበያው እየሳሳ ሲሄድ ካድሬው ሰዓቱን አየ። «ባለ ክሩ አልመጣም» አለኝ። «ባለቤት የሌለው ክር የለም። ሌላ ሰው ካልሳበው የአንቺ ነው ማለት ነው። ነጠላሽን ልበሺ።»

ነጠላዬን ፍለጋ ዘወር አልኩ። ታደሰ መጥቶ ሱቁን ዝግ ሲያገኘው ታየኝ። እንባዬ መጣ፣ በእሱ ፊት ላለማልቀስ ከንፈሬን ነከስኩ። እትዬ ብርቄ ስኳሯን ከገዛች ቆይታለች፤ ግን አልሄደችም ነበር። አሁን ወደ ግድግዳው ራመድ አለችና አረንጓዴውን ክር ጎትታ ሳበችው።

«በሉ እንጂ እኔስ እስከ መቼ ልቁም? ቋጥሪልኝ።»

«የአንቺ ነው?» አለ ካድሬው ብድግ ብሎ። «ይህን ሁሉ ድንጋይ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ምን አደርግበታለሁ! ማታ ማታ ሕዝቡን ቤቴ ሰብስበህ የመንግሥት ዜና የምታሰማው በማን ሬዲዮ ነው? በምን የሚሠራ መስሎህ ነው፣ በጠላ?»

ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ካድሬው ፊቱ ቀላ። «አረንጓዴ የገበሬ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ የጓሮዬን ማሽላ የሚያርሰው ማነው? አንተ ነህ? ድንጋይ መግዛት ከተከለከለ ንገረኝና ከዛሬ ጀምሮ ሬዲዮኑን ልዝጋ። ለምን ዘጋሽ ሲሉኝ ጓድ ከልክሎኝ ነው እላለሁ።»

መቼም የእሷን ሬዲዮ አዘግቶ ለበላዮቹ ምን ይላል? ኮፍያውን አነሣ። ሊወጣ ነው ስል ግን ተመለሰና ሲጋራ ገዛ። ከዚያ ነጭ ክሩን ሳብ አድርጎ «ቋጥሪልኛ!» አለኝ። ቋጠርኩለት። ሳሙናውን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ።

እትዬ ብርቄ እግር ላይ ወድቄ አለቀስኩ። «ብትያዢስ? አያ አለበል ምንሽ ናቸው?» አልኳት።

«ምኔም አይደሉም» አለች አንሥታ እያቆመችኝ። «ልጃቸውን ግን አውቀዋለሁ፤ ጠላዬን አጣጥሎ አያውቅም። ተይ አሁን ልቅሶውን፤ ክሩ ሞልቷል፣ ሳሙናዬን አምጪ።» እውነትም ይዛው ሄደች።

እሷ እንደወጣች ክሮቹን ሁሉ ከየሚስማሩ አውርጄ ከሰል ውስጥ ጨመርኳቸው። ቋጠሮ ለነበረው ሁሉ ሳሙናውን አደልኩ። ታደሰ ተመልሶ ባዶውን ግድግዳ ሲያይ «ከስረናል» አለ፤ የሆነውን ስነግረው ግን ሱቁን ዘግቶ እኔን አቅፎኝ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የደንበኛዬን ነገር በሆዴ እንጂ በግድግዳ ላይ አልያዝኩም።

አያ አለበል የተመለሱት አጨዳው አልቆ ነው። ካድሬው እንዳይጠረጥር ከእነ ይርሳው ጋር ሄደው የሰው ሰሊጥ ሲያጭዱ ከረሙ። ሰሊጥ ሰዓቱ ካለፈ ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የእሳቸው ማሳ እንደዚያ ሆነ፣ ቤታቸው በዚያ ዓመት ሰሊጥ አልገባም። ቢሆንም ሲገቡ ይስቁ ነበር። ቀዩን ክር አንጓቸው ላይ አስረውታል። «አንቺ ልጅ፣ በእርጅናዬ ሳሉግ አደረግሽኝ። በይ ዱላዬን አምጪ» አሉኝ። ዱላቸውን ስሰጣቸው ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ስለጮህኩባቸው ይቅር በሉኝ አላልኩም፣ እሳቸውም አልጠበቁም። ልጃቸው ግን ከጫካ አልተመለሰም። ሳሙና ሊጠይቁም ሆነ የባትሪ ድንጋይ ሊገዙ ከዚያ ወዲያ አልመጡም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እና ትናንት ያንኑ ሱፐርማርኬት ሄጄ ነበር። ዳቦ፣ ሻይ ቅጠል፣ ያንን ስኳር አልባ ብስኩታቸውንም ያዝኩ፤ ጥሩ ነው መቼም። ልጅቷ እንደ ልማዷ «እማማ፣ ስልክ ቁጥርዎ?» አለችኝ። ከበስተኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ያቺን ኮምፒውተር አየኋት። አንድ ቀን አንድ ሰው አጠገቧ ጆንያ አስጎትቶ ቢቀመጥ፣ ከእነዚህ ከተሰለፉት መሀል ክሬን ማን ይስብልኝ ይሆን?

«የለኝም፣ ልጄ» አልኳት። «እንግዳ ነኝ። ለአጨዳ ነው የመጣሁት።»