የተቀባች ፍየል አትወጣም

ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሰው ነኝ። ሐርጌሳ ላይ የነርስ ፈተና አለፍኩ ብል ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። ያለፈችው ልጄ ናት፤ ግን እኔም አለሁበት፣ ይሄን ማንም አይነጥቀኝም።

ልጄ ስለ ስኳር በሚያስተምረው ትምህርት አንዴ ወድቃለች። ከደገመች ኮሌጁ ያሰናብታታል፤ ያኔ የሚጠብቃት እናቷ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት የምታጥበው ልብስ ነው። ፈተናው በቃል ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

እዚያው ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ክፍል በር ላይ ተቀምጣ እንደ ውዳሴ ማርያም ታነበንባለች፦ «ግሉኮስ ሲክስ ፎስፌት፣ ግሉኮስ ሲክስ ፎስፌት…»

«ግሉኮስ አውቃለሁ» አልኩ። «በሽተኛ ላይ የሚሰካው ነው።»

«እሱ ነው አባዬ፣ ስኳር ነው።»

«ፎስፌትስ ማዳበሪያ አይደል? ሰው ስንዴ ነው እንዴ?»

ሳቀች። «ማዳበሪያም ውስጥ አለ፣ ሰውም ውስጥ አለ። ስኳሩ ላይ ይለጠፋል።»

«ለምን ይለጠፋል?»

መጽሐፉን ገልጣ እንግሊዝኛውን አነበበችልኝ።

«እሱን ለመጽሐፉ ተይለት። ለምን?»

ባለቤቴ ከውስጥ ጮኸች፦ «አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቷን ልቀቃት!»

አልለቅም። እኔ በሬ ወለደ ቢሉኝ እንዴት ወለደ ሳልል አልተኛም።

ልጄ ተናደደችና መጽሐፉን ዘጋችው። «ስኳሩ ከደም ወደ ሴል ይገባል፤ ሴል ማለት ሥጋችን የተሠራበት ደቃቅ ቤት ነው። ካልተለጠፈበት በገባበት በር ተመልሶ ይወጣል። ከተለጠፈበት በሩ አያሳልፈውም። በቃ!»

«ተቀባ በይኛ!»

ሥራዬ ከብት ገበያ የአንድ ነጋዴ በረት መጠበቅ ነው። ነጋዴው የገዛት ፍየል ስትገባ ጀርባዋን በቀይ ቀለም እንቀባታለን። ከተቀባች በኋላ ማንም ቢመጣ ከበሩ አላሳልፋትም።

ልጄ ቀና አለች። «የተቀባችውስ ወዴት ትሄዳለች?»

«አንዷ ዛሬ ትታረዳለች፣ አንዷ ለክፉ ቀን ትቀመጣለች፣ አንዷ ለወተት ትቀራለች።»

«ስኳሩም እንደዚያው ነው! አንዱ ተሰባብሮ ጉልበት ይሆናል፣ አንዱ ተቀጣጥሎ ይከማቻል፣ አንዱ ሴሉን ከጉዳት ለመጠበቅ ይውላል።»

«ቀለሙ ቢታጠብስ?»

«አይታጠብም!»

«ይታጠባል። አንድ ሌባ በናፍጣ ሲያስለቅቅ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እየተነጫነጨች መጽሐፉን አገላበጠች። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «አባዬ፣ ለካ ጉበት ያጥበዋል። ሰው ሳይበላ ሲቆይ አጥቦ ስኳሩን ወደ ደም ይለቀዋል። ጡንቻ ግን ማጠቢያ የለውም፣ ያለው ለራሱ ብቻ ነው።»

«በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆመኝ ጉበቴ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ ግትርነትህ ይመስለኝ ነበር» አለች ባለቤቴ።

የፈተናው ቀን በረቱ ደጃፍ ቆሜ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ልጄ ይመስለኛል። ቀትር ላይ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች፤ ፍየሎቹ ተበታተኑ።

«አባዬ! አለፍኩ!»

አስተማሪው፣ ሶማሌ ነው፣ ጡንቻ ስኳር አጠራቅሞ ሳለ ለምን ለደም አይሰጥም ብሎ ጠየቃት አሉ። እንግሊዝኛው ከአፏ ጠፋ። በሶማልኛ፣ «መምህር፣ በፍየል ላስረዳዎት?» አለችው።

«ወላሂ፣ የፍየል ነገርማ ይገባኛል» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ።

በረቱን፣ ቀለሙን፣ አጣቢውን ጉበት ነገረችው። እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ «አሁን በእንግሊዝኛ ድገሚው» አላት። ነገሩ ገብቷታልና ቃሉ ተከትሎ መጣ።

ደስታዬን ምን ላድርገው! ጣቴን ቀለሙ ጣሳ ውስጥ ነከርኩና ጋወኗ ትከሻ ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩባት።

«አባዬ! ምን ማድረግህ ነው?»

«እንግዲህ ከዚያ ኮሌጅ ማን እንደሚያስወጣሽ አያለሁ!»

ማታውን ባለቤቴ ጋወኑን በሳሙና ፈተገችው፣ በኦሞ ዘፈዘፈችው። «ይሄ የተረገመ ቀለም አይለቅም!» እያለች ታማርራለች።

«አይልቀቅ» አልኳት። ናፍጣውን አልነገርኳትም።